ሳጥኑ ደጅ፣ ቁልፉ ጓዳ

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወረፋ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር፣ ስለ ልምምድ ትምህርት ብዙ ተጽፏል። ስለ መብራት ግን መጥፋቱን ከማማረር ባለፈ አንድም ቀን ተጽፎ አላየንም። ሲጠፋ ሁላችንም እንጮኻለን፤ ሲኖር ግን በየት በኩል ወደ ክፍላችን እንደሚገባ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እኛም እስከ 2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ድረስ ቀና ብለን አላየንም ነበር።

እንደሚታወቀው ከማሠልጠኛው ግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሠልጣኞች ጥቂት አይደለንም። አብዛኞቻችን ያለነው መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ለገበያ ይቀርባል፣ ቅዳሜ ወደ ይርጋለም ወይም ወደ ዲላ ለሚሄድ ሰው አውቶቡሱ ደጃፉ ነው፣ የማለዳውን ጡሩምባ ደግሞ ሰው ይለምደዋል። ግቢዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ከፊት የባለቤቱ ዋና ቤት፣ ከኋላ በረድፍ የተደረደሩ አምስት ስድስት የሰርቪስ ክፍሎች፣ መሃል ላይ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ በላዩ አንድ የጋራ የልብስ ማስጫ ሽቦ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ተከራዩ ስለበዛ በየግቢው ረድፉ እየረዘመ ሄዷል። አንድ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ከዚያችው ከአንዷ ሳጥን አንድ ሽቦ ይሳባል። ሳጥኗ ግን አልተለወጠችም።

ሳጥን ስንል ቆጣሪውን ማለታችን አይደለም። ቆጣሪው የመብራት ኃይል ነው፤ ማኅተም አለው፤ እሱን መንካት የማንም ሥራ አይደለም። የምንናገረው ከቆጣሪው ቀጥሎ ስላለው፣ ብሬከሮቹ ስለተደረደሩበት የማከፋፈያ ሳጥን ነው። ከቆጣሪው በኋላ ያለው ዝርጋታ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የባለቤቱ ነው ማለት ደግሞ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ባለቤት የለውም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሚያዝያው ነገር እንመለስ። ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም የዋለው ሰማይ ወደ ማታ ግድም ለቀቀው። አንደኛው ጓደኛችን በማግሥቱ ለልምምድ ትምህርት የሚለብሰው ሸሚዝ ማስጫው ላይ መቅረቱ ትዝ ሲለው በባዶ እግሩ ወጣ። ሽቦውን ያዘ። አልለቀቀም። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎን ሳቅን፤ ይህን ስንጽፍ አሁንም እናፍራለን። ወዲያው ድምፁ ተቆረጠ፣ ክንዱ ገተረ፣ ያን ጊዜ ገባን።

ከመካከላችን አንዱ ሊጎትተው ሲሮጥ ከጎናችን ክፍል የሚኖር የግንባታ ሠራተኛ «እንዳትነካው! አንተም ትቀራለህ!» ብሎ በክንዱ ወደ ኋላ ወረወረው። ሌሎቻችን ወደ ሳጥኑ ዞርን። ሳጥኑ የላሜራ ነው፤ ከዋናው ቤት ጥግ፣ ልክ ከአሸንዳው አፍ ሥር ከብረት ምሰሶ ጋር ታስሯል። የእጅ ጭብጥ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። እማማ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ለቅሶ ሄደው ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ ጓዳቸው ውስጥ፣ የጓዳው ቁልፍ መቀነታቸው ላይ። አንዱ ልጅ ድንጋይ አንሥቶ ሊሰብረው ሲጠጋ ያው ጎረቤታችን ድጋሚ ጮኸ፤ «ብረት ነው! እሱንም አትንኩት!» ከዚያ ከበሩ ጀርባ የነበረ ደረቅ ዘነዘና አንሥቶ የማስጫውን ሽቦ ከመንጠቆው እስኪላቀቅ ድረስ መታው። ጓደኛችን ከነሽቦው ጭቃው ላይ ወደቀ።

ተርፏል፤ ይህን አስቀድመን እንናገር። መዳፉ ላይ የቀረው ምልክት ግን ቾክ ሲይዝ ይታያል። በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ወስደን የልቡ ምት ተመርምሯል። «ደህና ነኝ፣ ልተኛ» ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደህና ነኝ ቢልም መመርመር እንዳለበት የተማርነው ያን ሌሊት ነው። 905 ደውለን ከመብራት ኃይል የመጡት ሠራተኞች መስመሩን ከምሰሶው ላይ ቆረጡትና ግቢው በሙሉ በጨለማ አደረ።

በማግሥቱ እማማ ያስመጡት ኤሌክትሪሽያን ሳጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳየን። እኛም ከብዙ ክፍለ ጊዜ ያላገኘነውን ትምህርት እዚያው ቆመን አገኘን ብንል ማጋነን አይሆንም። ሳጥኑ ለቤት ውስጥ የተሠራ ነው። ደጅ ያወጣው ሰው ገመዱን ያስገባበት ቀዳዳ አናቱ ላይ በምስማርና በመዶሻ የተበሳ ነው። የተቀደደው ላሜራ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ ንፋስ ገመዱን ባወዛወዘ ቁጥር ጠርዙ የገመዱን ፕላስቲክ በላው። ከአሸንዳው የሚፈሰው ውሃ ገመዱን ተከትሎ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ውስጡ ዝገት፣ የተርብ ቤትና አንድ የደረቀ እንሽላሊት አገኘን። የተላጠው ፌዝ ላሜራውን ነካ፤ ላሜራው ከብረት ምሰሶው ጋር ታስሯል፤ ምሰሶው የጣሪያውን ቆርቆሮ ይነካል፤ የማስጫው መንጠቆ ከቆርቆሮው ጋር ተበይዷል። ስለዚህ ያን ማታ ሳጥኑ፣ ምሰሶው፣ ጣሪያውና የሸሚዙ ሽቦ ሁሉም አንድ ነበሩ። ድንጋዩን ያነሣው ልጅ ቁልፉን ቢነካ ኖሮ ሁለተኛው እሱ ይሆን ነበር።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ብለን ጠየቅን። ሁላችንም በልባችን ብሬከር ካለ ሰው አይሞትም ብለን እናምን ነበር። ኤሌክትሪሽያኑ ሳቅ ብሎ «ይሄ እኮ ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፤ እናንተን ማን አለው» አለን።

ይህን ቃል ይዘን ወደ ክፍላችን ተመለስንና በኦም ሕግ አሰላነው። የኦምን ሕግ ያልሸመደደ ከመካከላችን የለም፤ ለሰው ሥጋ የሠራበት ግን አንድም አልተገኘም። በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ሰውነቱ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ በግርድፉ 1000 ኦም ያህል ነው እንበል። 220 ቮልት ለ1000 ሲካፈል 0.22 አምፔር ይሆናል፤ ማለት 220 ሚሊ አምፔር። ከ10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጀምሮ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና ሰው የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነው ከቆየ ልብን ያሰጋል። የእኛ ዋና ብሬከር ደግሞ 63 ተብሎ የተጻፈበት ነው፤ 63 አምፔር። በ0.22 አምፔር የሚሞት ሰው ለዚህ ብሬከር አንድ 50 ዋት አምፖል የማብራት ያህል ነው። ይኸውም ብሬከሩ በሕግ ነው የሠራው፤ ያጠፋው ነገር የለም። ጓደኛችን የተረፈው ምናልባት መንጠቆው ዝጎ ስለነበር ነው አለን ኤሌክትሪሽያኑ። ዝገቱ የኤሌክትሪኩን መንገድ አጠበበው። አንዱ ዝገት አዳነን፣ ሌላው ሊገድለን ነበር።

ለዚህ ነገር መድኃኒቱ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ባለሙያዎቹ አርሲዲ የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ከብሬከሩ ጎን የሚቀመጥ፣ ብሬከር የሚመስል፣ ግን ሥራው ሌላ የሆነ። አሠራሩን እኛ መናኸሪያ የምንኖር ሰዎች ለመረዳት አንቸገርም። ረዥም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ረዳቱ የወረደውን ሰው ይቆጥራል፤ ሲሳፈሩም ይቆጥራል። አንድ ሰው ከጎደለ «ቁም!» ነው፤ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። አርሲዲም እንዲሁ በፌዙ የሄደውን ኤሌክትሪክ በኒውትራሉ ከተመለሰው ጋር ዘወትር ያስተያያል። የሄደው ካልተመለሰ፣ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ወርዷል ማለት ነውና ይቆርጠዋል። ሰውን ለመጠበቅ የሚገባው 30 ሚሊ አምፔር የተባለው ሲሆን፣ ጉድለቱ ያን ያህል ሲደርስ ቢበዛ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ መቁረጥ አለበት። ይህ መሣሪያ በዛሬ መልኩ እንዲወጣ ብዙ የደከሙት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ ስለሚሞቱት ሠራተኞች ያሰቡ መሐንዲሶች ናቸው፤ ሄንሪ ሩቢን የተባለው ስሙ ይጠቀሳል። ከአህጉራችን የወጣ ነገር ነው ማለት ነው። እኛ ግቢ ግን እስከዚያ ሚያዝያ አልደረሰም።

አርሲዲ ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም። የመሬት መስመር፣ ግራውንድ የሚሉት ከሌለ አርሲዲው ጉድለቱን የሚያውቀው ሰው ሲነካው ነው፤ ሰውየው ለአጭር ጊዜም ቢሆን መመታቱ አይቀርም። ግራውንድ ካለ ግን የተላጠው ሽቦ ላሜራውን በነካበት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ በዚያው ይወርዳል፣ አርሲዲውም ማንም ሳይነካው ይቆርጣል። የብዙ ክፍሎቻችንን ሶኬት ብታዩ ጫፍና ጫፍ ላይ የግራውንድ ብረቶች አሏቸው፤ ከኋላቸው ግን ሽቦ የለም። ለጌጥ ናቸው። መሬት ውስጥ የሚቀበረውም ብረት የአንድ ክንድ ቁራጭ ፌሮ ሊሆን አይገባም። የእኛ ከተማ አፈር ብዙ ቦታ ላይ ቀላልና አሸዋማ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ በበጋ ላዩ ድርቅ ይላል። ደረቅ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ስለዚህ ዘንጉ እርጥበቱ ድረስ በጥልቀት መግባት አለበት፤ ባለሙያው ይለካዋል።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንግባ። ይህን ጽሑፍ ከመጻፋችን በፊት ነገሩን ለመምህሮቻችንም አንሥተን ነበር። ከእነሱ አንዱ «ምን ያደክማችኋል? ሳጥኑ ቤት ውስጥ ይግባ፤ ዝናብ አይነካው፣ ፀሐይ አይነካው» አሉን። ለአንድ ቤተሰብ ቤት እውነት ነው፤ አንከራከርም። ስድስት ተከራይ ባለበት ግቢ ግን ቤት ውስጥ ማለት የማን ቤት ውስጥ ነው? የባለቤቱ መኝታ ቤት ነው። የአንዱ ተከራይ ክፍል ቢሆንም እሱ ቆልፎ ወደ አገሩ ይሄዳል። እሳት ቢነሣ፣ ሰው ቢያዝ፣ ማን ደርሶ ያጠፋል? ስለዚህ እኛ የምንለው ሳጥኑ ደጅ መሆኑ ልክ ነው፤ ጥፋቱ የቤት ውስጡን ሳጥን ደጅ ማሳደር ላይ ነው። ከብቱን ደጅ አሳድሮ ጅብ በላብኝ እንደማለት ነው፤ ለደጅ ከሆነ በረቱን ሥሩለት።

ለደጅ የተሠራ ሳጥን በገበያ አለ። ላዩ ላይ አይፒ የሚል ፊደልና ሁለት አኃዝ ይጻፍበታል። የፊተኛው አኃዝ ስለ አቧራ፣ የኋለኛው ስለ ውሃ ነው። ለምሳሌ አይፒ 65 የተባለው አቧራ የማያስገባና ከቱቦ ተረጭቶ የሚመጣ ውሃን የሚችል ነው። 20 ብቻ የተጻፈበት ግን ጣት ከማስገባት ይከለክላል እንጂ ለውሃ ምንም መከላከያ የለውም፤ ኋለኛው ዜሮ ማለት ያው ዜሮ ነው። እኛ ስናየው ደጅ ላይ የተሰቀሉት አብዛኞቹ ጭራሽ የተጻፈባቸው ነገር የላቸውም፤ ሠፈር ውስጥ ከላሜራ የተበየዱ ናቸው። የበያጆቹን እጅ አንንቅም፣ በር ሲሠሩልን ደስ ይለናል። ሳጥን ግን በር አይደለም። አይፒ 65 የሆነውን ገዝቶ አናቱን በምስማር የሚበሳ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ነው የጣለው። ገመድ መግባት ያለበት ከታች ነው፣ ያውም በጎማ አንገት ተጠብቆ። ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሎ መመለስ አለበት፤ ገመዱን ተከትሎ የመጣ ውሃ ከዚያች ጉብታ ላይ ይንጠባጠብና ይቀራል።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር እንበል፤ ይኸኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነውና። ብሬከር የሚሠራው በሙቀት ጭምር ነው። ውስጡ ያለች ቀጭን ብረት ኤሌክትሪክ ሲበዛባት ትሞቅና ትታጠፋለች፣ ትጥላለችም። ፋብሪካ ሲያስተካክላት አካባቢው 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው ብሎ ነው። የካቲት ላይ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘው የላሜራ ሳጥን ውስጡ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ብሬከሩ ሳይበዛበት ይወርዳል። ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል። እንጀራ ጋጋሪዋ ትማረራለች፤ አንድ 3500 ዋት ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ይስባላ! ከዚያ አንድ «ባለሙያ» ይመጣና «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ የ20ውን አውጥቶ የ40 ይከትበታል። ከዚያ ወዲያ አይወርድም፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግድግዳው ውስጥ ያለችው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ግን አልተለወጠችም። እሷ 40 አምፔር ልትሸከም አልተሠራችም፤ ፕላስቲኳ ቀስ እያለ ይቀልጣል። ለምጣድ የሚገባው 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የራሱ ሽቦና የራሱ ብሬከር ነው። ብሬከር በወረደ ቁጥር ትልቅ የሚቀይር ሰው መብራት ሠሪ አይባልም፤ እኛ ሌላ ስም አለን፣ እዚህ ላይ አይጻፍም።

ስለ ቁልፉ እማማን ቁጭ ብለን አነጋገርናቸው። ተቆጥተን ነበር የገባነው፤ ሲናገሩ ግን ግማሽ ቁጣችን ወረደ። «ልጆቼ፣ እኔ የቆለፍኩት ለእናንተው ብዬ ነው። አንዱ ተነሥቶ ካቻቢቴ ይዞ ይነካካዋል፣ የጎረቤት ሕፃን ወጥቶ እጁን ይከታል። ደግሞስ ማታ ማታ ስቶቭ እየሰካችሁ ካርዱን ስትጨርሱት በማን ልፍረድ?» አሉን። ስለ ሕፃናቱ እውነታቸውን ነው፤ ካቻቢቴውም ቢሆን ከመካከላችን የነካካ አለ። ስለ ስቶቩም፣ እሺ፣ አንዋሽም። ነገር ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ሽቦው ያለበትን ውስጡን መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ ማጥፊያውን መቆለፍ ሌላ ነው። ውስጡ በካቻቢቴ እንጂ አይከፈትም፣ አይከፈትም፣ ይሁን። የብሬከሮቹን ምላስ የሚሸፍነው የፊት በር ግን ያለ ቁልፍ፣ በእጅ የሚከፈት መሆን አለበት። ቁመቱ ሕፃን የማይደርስበት፣ ማናቸውም ትልቅ ሰው ያለ በርጩማ የሚደርስበት ይሁን። ለካርዱ ገንዘብ ሲባል ማጥፊያ አይቆለፍም፤ ለካርዱ ሌላ ስምምነት ይፈለግለታል። እኛ ለምሳሌ ስቶቭ ያለው ሰው ተጨማሪ እንዲያዋጣ ተስማምተናል፤ እማማም ተቀብለውታል።

ከሁሉ የገረመን ነገሩን ለሌሎች ሠልጣኞች ስናወራ ያገኘነው መልስ ነው። «ይሄ የኤሌክትሪሽያን ጉዳይ ነው፤ እኛ አስተማሪ ነን» የሚል። ለመሆኑ የት ነው የምንመደበው? ብዙዎቻችን የምንሄደው ኤሌክትሪክ ገና በገባበት ወይም ነገ በሚገባበት ሥፍራ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም አጨብጭበናል፤ የሚገባ ነው። ኃይሉ ግን ከግድቡ ተነሥቶ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ጭቃ ቤት ጥግ ላይ ወደተንጠለጠለች ሳጥን ነው። በዚያ ሥፍራ «ተሜው ያውቃል» ተብሎ የሚጠየቀው መምህሩ ነው። ባለ ፈቃድ ኤሌክትሪሽያን ለማግኘት ወደ ወረዳ ከተማ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መምህሩ ግን ጠዋት ማታ እዚያው ነው። ያኔ «እኔ ልክፈተው» የሚል መምህር እንዳይኖር ነው ፍርሃታችን። የምንለው መምህር ሳጥን ይሥራ አይደለም፤ ጭራሽ እንዳይከፍት ነው። ግን አይቶ «ይሄ ሳጥን የደጅ አይደለም፣ ይሄ ገመድ ከላይ ገብቷል፣ ማስጫውን ከጣሪያው አላቅቁት፣ ባለሙያ ይምጣ» ለማለት ይብቃ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዐይን ነው የሚያስፈልገው። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ 10ኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፤ ደንብ የለም እንዳይባል ደንቡ አለ። ተገልጦ የሚነበብበት ቦታ ነው የጠፋው።

የሳይንስ መምህሮቻችንንም በአክብሮት አንድ እንውቀስ። ባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ሽቦና አንዲት የባትሪ አምፖል ይዘን «ወረዳው ተዘጋ፣ ወረዳው ተከፈተ» እያልን ተምረናል፤ ነገ እኛም በዚሁ እናስተምራለን። ጥሩ ነው። ነገር ግን 1.5 ቮልት ማንንም አልገደለም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው 220 ቮልት ነው፤ ስለሱ አንድ ቃል ሳይሰማ ነው የሚወጣው። የተያዘን ሰው በእጅ እንዳይጎትት፣ አስቀድሞ ማጥፊያውን እንዲያጠፋ፣ ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት እንዲያላቅቅ፣ ያን ማታ ይህን ከሁላችንም መካከል ያወቀው ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው የግንባታ ሠራተኛ ብቻ ነበር። እኛ፣ የነገ አስተማሪዎች፣ በድንጋይ ላሜራ ልንመታ ነበር።

ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ያለው ሳጥን የደጅ ሳጥን ነው፤ ፕላስቲክ፣ በሩ የሚያሳይ፣ ከአሸንዳው አፍ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የተሰቀለ። ገመዱ ከታች ይገባል። አርሲዲና ግራውንድ አለው፤ የየክፍሉ ብሬከር ላይ የክፍሉ ቁጥር በወረቀት ተለጥፏል። ማስጫው ከጣሪያው ተላቆ በሁለት እንጨት መካከል ናይለን ገመድ ሆኗል። ለሳጥኑና ለመሣሪያዎቹ እማማ ግማሹን ከፈሉ፤ ግማሹን ስድስት ክፍል ተካፈልነው፤ ለእያንዳንዳችን ከአንድ ወር ኪራይ በጣም ያነሰ ነው የደረሰን። አርሲዲው ላይ መሞከሪያ የምትሆን አንዲት ቁልፍ አለች፤ ስትጫን መቁረጥ አለበት፣ ካልቆረጠ ተበላሽቷል ማለት ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እማማ ራሳቸው ወጥተው ይጫኗታል። ሁሉም ክፍል ድርግም ሲል ከውስጥ «ኧረ መብራት!» የሚል አይጠፋም። «እኔ ነኝ፣ ዝም በሉ!» ይሉናል።

የማሠልጠኛችን የትምህርት መርጃ ማዕከል ውስጥ አንድ ሙሉ የማሳያ ሰሌዳ ለመሥራት ከማዕከሉ መምህር ጋር ተነጋግረናል። ከግቢያችን የወለቀው የላሜራ ሳጥን፣ ከነዝገቱና ከነተርብ ቤቱ፣ በግራ በኩል ይሰቀላል፤ የደጁ ሳጥን በቀኝ። ከሁለቱም ላይ ኤሌክትሪክ አይገናኝም። ሥራው የሚጀመረው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ካቻቢቴ ወይም ፒንሳ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ሰሌዳ የሚሆን ኮምፔንሳቶ ቁራጭም ካለው ደስ ይለናል።